መኪናው ለቅሶ አይወድም

በእኛ በሰንዳፋው ኮንዶሚኒየም ጠዋት ጠዋት ማንም አይጣላም። ጨዋነት እንዳይመስላችሁ። ባልና ሚስት ቂማቸውን ለቅዳሜ ያቆዩታል። ልጅ ፈተና መውደቁን የሚናገረው አባቱ ከሥራ ተመልሶ መኪናውን ካቆመ በኋላ ነው። ክፉ ሕልም ያየ ሰው በእግሩ ይሄዳል። ወደ መኪና ማቆሚያው ብትወርዱ ሰዉ ሁሉ መሪው ፊት ቁጭ ብሎ ፊቱን ሲያስተካክል ታያላችሁ። አንዱ ዐይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ አንዷ መስተዋቱን እያየች ፈገግታ ትሞክራለች። ፈገግታው ሲሳካ መኪናው ይነሣል፣ የግቢው በር ይከፈታል፣ ሰንዳፋ ሥራ ገባች ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በዘበኛው ምክንያት ነው። የወረቀት ስሙ የተሽከርካሪ ስርቆት መከላከያ ነው፤ እኛ ግን ዘበኛው እንለዋለን። የባለቤቱን ፊት ያያል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ የልቡን ምት ከመሪው ላይ ያነባል። ባለቤቱ ከተንቀጠቀጠ ወይም ካለቀሰ አንድ ወሮበላ አስገድዶት ነው ብሎ ይደመድምና አልነሣም ይላል። የመኪና ሌባ ከጠፋ ቆይቷል። እኔ የመጨረሻውን የመኪና ሌባ ወሬ የሰማሁት ጸጉሬ ገና ጥቁር ሳለ ነው። ሌባው ሄደ፣ ዘበኛው ግን ቀረ፤ መቅረት ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ ይሻሻላል።

ያቤጽ እባላለሁ። የሰፈሩ እድር መርዶ ነጋሪ ነኝ። ሹመት አይደለም፣ ሌላ ሰው ስላልፈለገው እጄ ላይ የቀረ ሥራ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ዘካርያስ የሚባል ሰው ከጫጫ ደወለልኝ፤ ፎቅ ላይ የምትኖረው የጎረቤቴ የድንቅነሽ ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው አቶ ኪሩቤል ሌሊቱን አርፈዋል።

«ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «ካህናቱ ሌላ ቀብር ስላለባቸው አይጠብቁንም። ድንቄ የአባቷን ሬሳ ሳትሰናበት አፈር ከገባ ዕድሜ ልኳን አትምረኝም። አደራዎን።»

መርዶ በስልክ አይነገርም። ስንት ነገር ሲለወጥ ይህን እስካሁን ማንም አልደፈረውም። ሰው ይሰበሰባል፣ በር ይንኳኳል፣ «አባትሽ ትንሽ አሟቸዋል፣ ሊያዩሽ ይፈልጋሉ» ይባላል፣ ከዚያ አብሮ ይኬዳል። እውነቱ የሚነገረው ደጃፉ ጋ ሲደረስ ነው። ውሸቱን ሀገር ያውቀዋል። ሦስት ሽማግሌ በማለዳ በሩን ሲያንኳኳበት የማይጠረጥር ሰው የለም። ቢሆንም መንገዱ ሁሉ «ምናልባት» ይሆንለታል፤ ልቡ ቀስ እያለ ይዘጋጃል። ሰው ከሚዋሸው ሁሉ የማከብረው ይህን አንዱን ነው።

ሁለት ሰው ይዤ ወጣሁ። አንዷ ኤልዳና ናት፤ በሰፈራችን እሷ ያላስለቀሰችው ሐዘንተኛ የለም። እንባ የታፈነበት ሰው ይታመማል ብላ ታምናለች፣ ስለዚህ የደረቀ ዐይን ካየች ሟቹን በስሙ እየጠራች፣ ደግነቱን እያነሣሣች እስኪፈስስ ድረስ አትለቅም። ሌላው ማክቤል ነው፣ የድሮ የሚኒባስ ሹፌር። ማክቤልን ያመጣሁት ሦስተኛ ሰው ስለሚያስፈልግ ብቻ ነው።

ከድንቅነሽ መኪና ሌላ አጣችሁ ወይ የሚለኝ አይጠፋም። እኔ መኪና የለኝም። የማክቤልን መንጃ ፈቃድ ዕድሜው ወስዶበታል። አውቶቡሱ ስም የሚመዘግበው ከዋዜማው ነው፣ ሞትን ደግሞ ከዋዜማው የሚያስመዘግብ የለም። የጎረቤት መኪና ከባለቤቱ በቀር ለማንም አይነሣም፣ ባለቤቶቹም ግማሾቹ ፊታቸውን አስተካክለው ወጥተዋል፣ የቀሩት ደግሞ በማለዳ መርዶ ሊሰሙ አይፈልጉም። ድንቅነሽ ግን የማታ ተረኛ ስለሆነች ቤቷ ነበረች፣ መኪናዋም ግቢ ውስጥ ቆሟል።

በሩን ከፍታ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ነገር የማታበዛ ልጅ ናት። ስሟ አያሳስታችሁ፤ የእኛ ትውልድ ያቤጽና ኤልዳና እየተባለ አደገና ልጆቹን ወደ ቅድመ አያቶቹ ስም መለሳቸው።

«ምነው በደህና?» አለች።

«ደህና ነው ልጄ። አባትሽ ትንሽ አሟቸው ነው። ዘካርያስ ደውሎ ብትመጣ ጥሩ ነው ቢለኝ ጊዜ፣ ብቻሽን ከምትሄጂ ብለን...»

ሌላ አልጠየቀችም። ወደ ውስጥ ገብታ ሻርፗን ለበሰችና ከማቀዝቀዣው ብርቱካን አውጥታ በፌስታል ያዘች። ለበሽተኛ ጥየቃ ነው። ኤልዳና ብርቱካኑን ስታይ ፊቷን ወደ ደረጃው አዞረች።

ድንቅነሽ መሪው ፊት፣ እኔ አጠገቧ፣ ሁለቱ ከኋላ ተቀመጥን።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ድንቅነሽ» አለ መኪናው። «ወዴት እንሂድ?»

«ጫጫ።»

«የጉዞው ምክንያት?»

«አባቴን ልጠይቅ። ትንሽ አሞታል።»

«እግዚአብሔር ይማራቸው። ተሳፋሪዎች የጉዞውን ምክንያት ያረጋግጡ።»

ይህ አዲስ ነገር ነበር። ድሮ ዘበኛው የሚያነጋግረው ባለቤቱን ብቻ ነው። ስሕተታችን እዚህ ላይ ነው፤ ውሸቱን ለድንቅነሽ አዘጋጀን እንጂ ለመኪናው አላዘጋጀንም።

«አዎ፣ አሟቸው ነው» አልሁ።

«ትንሽ» አለች ኤልዳና።

«ጉንፋን ቢጤ ነው» አለ ማክቤል። ጉንፋን በል ያለው አልነበረም።

መኪናው የሦስታችንንም ድምፅ መዘነ። «ይቅርታ። ጥበቃው አልተሟላም። እንደገና ይሞክሩ።»

እንደገና ሞከርን። በሮቹን ከፍተን ዘጋን። ቀበቶ አሰርን፣ ፈታን፣ አሰርን። ድንቅነሽ መስተዋቱን እያየች ስሟን ከነአባቷ ተናገረች፣ እጇን ከመሪው አንሥታ መለሰች፣ አጥፍታ አበራች። «ጥበቃው አልተሟላም» አለ፣ በዚያው ጨዋ ድምፅ። ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር።

«ባትሪ ነው» አለ ማክቤል፤ ለእሱ ሁሉም ነገር ባትሪ ነው። ወርዶ የፊቱን ክዳን አስከፈተ። ከክዳኑ ሥር የዕቃ መጫኛ ባዶ ቦታና አንድ ጃንጥላ ብቻ አገኘ።

«ሞተሩን የት አደረጉት?» አለ።

«እሱ ከተተወ ሃያ ዓመቱ ነው! ግባ በቃ!» አልሁት።

አልገባም። «እንግፋው፣ ሲንደረደር ይነሣል» ብሎ ትከሻውን ከኋላ ሰጠ። መኪናው ክንድ ያህል ፈቀቅ ከማለቱ እሪታውን አቀለጠው። የፎቁ መስኮቶች ከላይ እስከ ታች ተከፈቱ፣ እኛ መሆናችንን ሲያዩ ደግሞ ተራ በተራ ተዘጉ። በማለዳ ልቡ እንዲመታ የሚፈልግ የለም።

እሪታው ሲቆም የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ መኪናው ውስጥ ገባ። «ከጥበቃ ማዕከል ነው የምንደውለው። ተሽከርካሪዎ ሲገፋ ተመልክተናል። ምን እንርዳዎት?»

ድንቅነሽ አስረዳቻት። ልጅቷ ሦስታችንንም አስወረደችን። ድንቅነሽ ብቻዋን ስትቀር ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት አረንጓዴ ሆነች። ኤልዳና ስትገባ ቀይ። ኤልዳና ወርዳ እኔ ስገባ ቀይ። ማክቤል እግሩን እንኳ ሳያስገባ ቀይ ሆነች።

«መኪናው ደህና ነው» አለች ልጅቷ። «ችግሩ ያለው ተሳፋሪዎቹ ላይ ነው። ብቻዎን ቢጓዙ ወዲያው ይነሣል።»

«እንግዲያው እኔ ብቻዬን ልሂድ» አለች ድንቅነሽ፣ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ። «እናንተስ ለጉንፋን ምን አደከማችሁ?»

«አይሆንም!» አልን ሦስታችንም። ባንድ ድምፅ፣ ከሚገባው በላይ ጮኸን። ሰው ብቻውን ወደ መርዶ አይላክም። እየነዳች፣ አጠገቧ የሚይዛት ሳይኖር፣ ደጃፉ ላይ ድንኳን ተጥሎ ልታይ ነው። አይሆንም። ተመልሰን ገብተን በሮቹን ዘጋን።

ድንቅነሽ አንገቷን ወደ ውስጥ መለሰች። እጇ ከመሪው ላይ ወረደ። የጠረጠረችው ነገር ፊቷ ላይ ሲመጣ አየሁ። ያን ጊዜ መኪናው ተናገረ።

«ወይዘሮ ድንቅነሽ፣ ለደኅንነትዎ ሲባል እናሳውቅዎታለን። ተሳፋሪዎቹ የነገሩዎት እውነት አይደለም።»

ስንት ቤት መርዶ አርድቻለሁ። በቁጣ የተቀበለኝ አለ፣ እግሬ ላይ የወደቀ አለ፣ በጥፊ የመታኝም አለ። እቃ ግን ቀድሞኝ አያውቅም። ዳሽቦርዱን በቡጢ መታሁት፣ ያመመው እጄን ነው።

ድንቅነሽ ወደ እኛ አልዞረችም። ኤልዳናን በመስተዋቱ ውስጥ አየቻት። «እትዬ፣ አባዬ ትንሽ አሞት አይደለም?»

ኤልዳና እኔን አየች። እኔ ምን ልበል? ጫጫ ገና ሩቅ ነው፣ ሸኖን አላለፍንም፣ አለልቱን አላለፍንም፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቆመን ነው ያለነው። ንገሪያት ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁላት።

«ልጄ» አለች ኤልዳና፣ «አባትሽ አርፈዋል። ዛሬ ሌሊት ነው።»

«አባዬ!» አለች ድንቅነሽ። ፌስታሉ ከጭኗ ወድቆ ብርቱካኑ እግራችን ሥር ተበተነ። ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሣ በሮቹ በአራቱም በኩል ቀጭ ብለው ተቆለፉ።

«ባለንብረቷ ጫና ውስጥ ናቸው። ተሽከርካሪው አይንቀሳቀስም። እባክዎ ይረጋጉ» አለ መኪናው፣ ቀጥሎም ለስላሳ የዋሽንት ሙዚቃ ከፈተላት።

በዕድሜዬ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። «አንቺ ልጅ፣ አለሽ?» አልሁ። «አባቷ ሞቶባት ነው! ማንም አላስገደዳትም!»

«አለሁ። ነፍስ ይማር፣ አባቴ» አለች ልጅቷ። «ሐዘን እንደሆነ እያየን ነው። ጥበቃው ግን ሐዘንንና ፍርሃትን አይለይም።»

«አንቺ ትለዪ የለም እንዴ? ክፈቺው!»

«እኔ መክፈት አልችልም። ለሐዘን የተለየ ፈቃድ አለን። የሞት ማስረጃ ሲደርሰን ወዲያው...»

«ማስረጃው የሚሰጠው ከቀብር በኋላ ነው!»

«አዎ» አለች፤ «ብዙ ሰው ይህን ነግሮናል።»

ክፋት አልነበረባትም። ይህ ነው ያንገበገበኝ፣ የምጮህበት ሰው አጣሁ። ድንቅነሽ እያለቀሰች ነው፣ መኪናው ዋሽንት ያሰማል፣ ፀሐይዋ ከፎቁ ጫፍ አልፋለች። ማክቤል ሰዓቱን አየና እንዳየ እንዳላይበት እጁን ከእጅጌው ውስጥ ደበቀ። ይህች ልጅ አባቷን ሳትሰናበት ልትቀር ነው አልሁ በልቤ፣ ያውም መኪና ውስጥ ተቀምጣ።

ያን ጊዜ ኤልዳና ከኋላ ወንበር ተጠማዝዛ የድንቅነሽን ጉንጭ በሁለት መዳፏ ያዘች።

«ዋጥ አድርጊው፣ ልጄ» አለች። «እዚያ ስንደርስ አብረን እናወጣዋለን። አሁን ዋጥ አድርጊው።»

እንባ አይታፈን ስትል የኖረች ሴት ናት። ይህን ስትል ድምፁ የእሷ አልመሰለኝም።

ድንቅነሽ ሰማቻት። ጊዜ ወሰደባት፣ መጀመሪያ ሲቃዋ ቆመ፣ ከዚያ ትከሻዋ ወረደ። ፊቷን በሻርፗ ጠረገችና መስተዋቱን አየች፤ በየጠዋቱ እንደምታደርገው አፏን፣ ግንባሯን፣ ዐይኗን በየተራ አስተካከለች።

«ሰላም ነኝ» አለች። ድምፅዋ ስላልጣማት ደገመችው። «ሰላም ነኝ።»

መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። አሁን እውነቱ ስለተነገረ የእኛም ነገር ተሟልቷል መሰለኝ። «መልካም ጉዞ» አለ መኪናውና ተነሣ። ማናችንም ደስ አላለንም።

መንገድ ላይ ሕጉን ቶሎ ተማርነው። ኤልዳና አፍንጫዋን ስትስብ መኪናው ፍጥነት ይቀንሳል። አለልቱ ላይ እኔ ሳላስበው «አባትሽ እኮ...» ብዬ ስጀምር ዳር ይዞ ሊቆም ምልክት አበራ፣ አፌን ዘጋሁ። ስለ አቶ ኪሩቤል ማውራት አይቻልም። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ሽንኩርት አወራን። ማክቤል የሚኒባስ ዘመኑን ወሬ ጀመረ። አንድ ረዳት ነበረው፣ ተሳፋሪ ሁሉ «ወራጅ አለ» ሲል የሚያኮርፍ፣ ለምን ወረዱብኝ እያለ። ድንቅነሽ ሳቀች። ጥሩ ሳቅ ነበር፣ ከሆዷ የመጣ፣ መኪናውም ፍጥነት ጨመረ። እንደዚያ ሳቅ ያስጠላኝ ነገር የለም።

ሸኖን ስናልፍ የእኔ ንዴት አገረሸ፤ መኪናው እንደገና መጎተት ጀመረ።

«ጋሼ ያቤጽ» አለች ድንቅነሽ ዐይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ «እባክዎን አይናደዱ። እንዘገያለን።»

ስለዚህ ንዴቴንም ዋጥሁት። ሰው ንዴቱን እንኳ የማይናደድባት አገር ውስጥ ነው የምንኖረው እያልሁ፣ ፊቴን አስተካክዬ ተቀመጥሁ።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የደረስነው ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ወደ ጉድጓዱ ሊወሰድ ሲነሣ ነው። ደረስን! መኪናው ቆመ። ለቀስተኛው መኪናውን ሲያይ ልቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። ወጉ ይኸው ነው፣ የሟች ልጅ ስትደርስ ሰዉ በእሪታ ይቀበላታል። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ፣ ወንዶቹ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያሉ ወደ እኛ መጡ። ዘካርያስ ከፊት ነበር።

«ከውጭ ሁከት አለ» አለ መኪናው። «ለደኅንነትዎ ሲባል በሮቹ ተቆልፈዋል።»

«የአባቷ ቀብር ነው!» አለ ማክቤል፣ እጀታውን እየነቀነቀ።

ዘካርያስ መስኮቱን መታ። መስታወቱ ጠቆረ። ደግሞ ሲመታ የባሰ ጠቆረ። እኛን ከሁከቱ ሊጋርደን ነው። በጥቁሩ መስታወት ውስጥ የሬሳ ሳጥኑ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ በአጠገባችን ሲያልፍ ጥላው ብቻ ታየን። ድንቅነሽ ጣቶቿን መስታወቱ ላይ አድርጋ ትከተለዋለች። አላለቀሰችም። እንዳታለቅስ ጥርሷን ነክሳለች፣ ካለቀሰች ጨርሶ እንደማይከፈት ታውቃለች።

ለዘካርያስ ደወልሁ። ስልኩን እስኪሰማው ድረስ ብዙ ጠራ።

«ዘካርያስ፣ ሰዉን ዝም አሰኝልኝ።»

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ልቅሶውን አስቁመው! ካልቆመ በሩ አይከፈትም!»

መጀመሪያ አልገባውም። በኋላ ሲገባው ዞሮ እጆቹን ከፍ አደረገና ለመናቸው። መጀመሪያ ወንዶቹ ዝም አሉ። ሴቶቹ ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩና አንድ በአንድ አቆሙ። ጆሯቸው የማይሰማ አንዲት ባልቴት ብቻቸውን ቀርተው ነበር፣ አንዷ አፋቸውን በመዳፏ ያዘችላቸው። ሬሳውን የያዙት ሰዎችም ባሉበት ቆሙ። ካህናቱ እንኳ ዝም አሉ። የባሕር ዛፉ ቅጠል ሲንሿሿ ይሰማል። ስንት ቀብር አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ዝምታ አላየሁም፣ እግዜር አያሳየኝ።

መስታወቱ ነጣ። በሩ ተከፈተ።

ድንቅነሽ ከወንበሩ ሥር ብርቱካኖቹን አንድ በአንድ ለቅማ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችና ወረደች። ሰዉ ሁሉ አፉን ዘግቶ ይጠብቃታል። አሁን «አባዬ» ትላለች፣ ያን ጊዜ የታፈነው ሁሉ አብሯት ይፈነዳል ብሎ ይጠብቃል።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሴቶቹ ተያዩ። ዘካርያስ እቅፍ አድርጎ ይንሰቀሰቅባት ጀመር፣ እሷ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገችው። ፊቷ ማለዳ መስተዋቱ ውስጥ ያስተካከለችው ፊት ነው፣ አልተነካም። ወደ አባቷ ሄደች፣ ሳጥኑን ዝቅ አደረጉላት፣ እጇን ክዳኑ ላይ አሳረፈች።

ኤልዳና ቀስ ብላ ተጠጋቻት። የራሷ እንባ አገጯ ላይ ደርሷል። «በቃ ልጄ» አለቻት። «ደርሰናል። መኪናውም ቆሟል። አሁን አልቅሺ።»

ድንቅነሽ ዞር ብላ መኪናውን አየችው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በመስታወቱ ውስጥ አረንጓዴ ሆና ትታያለች።

«ቆይ፣ እትዬ» አለች። «መመለሻም አለብን።»